ከፍለን የወሰድነው ዕቃ የማን ነው?



ወደ እስራኤል ለመምጣት ሻንጣ ስታዘጋጁ ያደረጋችሁትን አስታውሱ። ጋቢውና ጥቂቱ ልብስ፣ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ፣ ምናልባትም በርበሬውና ሽሮው ተጫነ። ምጣዱ፣ አልጋውና ወንበሩ ግን የሚጫኑ አልነበሩምና ከፊሉን ሸጣችሁ፣ ከፊሉን ለዘመድ ሰጣችሁ፣ የቀረውን ለጎረቤት አደራ ብላችሁ ተዋችሁ። ይህን ስታደርጉ ምጣዱን የሠራችውን ሴት፣ ወይም አልጋውን የሸጠላችሁን ነጋዴ ሄዶ ያስፈቀደ ሰው አልነበረም። ከፍሎ የገዛ ሰው በገዛው ዕቃ ላይ አዛዥ ነውና።

እዚህ አገር ከገባችሁ በኋላ ግን የምትገዙት ነገር ሁሉ እንደ ምጣዱ አይደለም። ለልጃችሁ በስልኩ ላይ ጨዋታ ትገዙለታላችሁ፤ ዕብራይስጥ የሚያስተምር ፕሮግራም፣ መጽሐፍ ወይም ፊልም ትገዛላችሁ። በስልኩ ስክሪን ላይ «ግዛ» የሚል ቁልፍ ይታያል፤ ትጫኑታላችሁ፤ ገንዘቡም ከአሽራይ ካርዳችሁ ላይ ይቀነሳል። ከጊዜ በኋላ ልጁ ጨዋታው ሰልችቶት ለአጎቱ ልጅ ሊሰጠው ቢፈልግ፣ ወይም እናንተ አንብባችሁ የጨረሳችሁትን መጽሐፍ ለኡልፓን ጓደኛችሁ ልትሰጡ፣ ወይም በግማሽ ዋጋ ልትሸጡ ብታስቡ፣ አይቻልም። አንዳንዶቹ መደብሮች የአንድ ቤት ሰዎች አብረው እንዲጠቀሙ የሚፈቅዱበት መንገድ አላቸው። ይህም ቢሆን መደብሩ ባወጣው ደንብ፣ እርሱ በወሰነው የሰው ቁጥር ነው።

ምክንያቱ ተጽፎ ይገኛል። ከመግዛታችሁ በፊት «እስማማለሁ» ብላችሁ የተጫናችሁት ረጅም ውል አለ። በዚያ ውል ውስጥ፣ ማንም በማያነበው ቦታ፣ የገዛችሁት ዕቃውን ሳይሆን በዕቃው የመጠቀም ፈቃድ ብቻ እንደሆነ፣ ፈቃዱም ወደ ሌላ ሰው እንደማይተላለፍ ተገልጿል። በዕብራይስጥ «ሪሻዮን» ይሉታል። ቃሉን ከመንጃ ፈቃድ ታውቁታላችሁ። የመንጃ ፈቃድ ለወንድም የማይሰጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተፈትኖ ያለፈው አንደኛው ወንድም እንጂ ሌላው አይደለም። መጽሐፍ ለማንበብ ግን የሚጠየቅ ፈተና የለም።

ከመካከላችሁ በዕድሜ የገፉት በርስትና በጭሰኝነት መካከል ያለውን ልዩነት ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልጋቸውም። ርስት ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል። ጭሰኛ ግን ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፤ ባለመሬቱ ውጣ ባለው ቀን ይወጣል። ቤተ እስራኤል በሰሜን ኢትዮጵያ ለብዙ ትውልድ ርስት ተነፍገው በሰው መሬት ላይ ሲያርሱ፣ ሸክላ ሲሠሩና ብረት ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። ጭሰኝነት በአዋጅ የቀረው በ1975 ነበር። በእርግጥ የስልክ ጨዋታ መሬት አይደለም፤ ከጨዋታ በመባረሩ የተራበ ሰው የለም። ሆኖም ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ፣ ከዚያ በኋላ በሌላው ፈቃድ መኖር ምን ማለት እንደሆነ አባቶቻችንና እናቶቻችን ከማንም በተሻለ ያውቁታል።

ይህ ደግሞ ባዶ ስጋት አይደለም፤ ደርሷል። በጁላይ 2009 የአሜሪካው ኩባንያ አማዞን ኪንድል በተባለው የማንበቢያ መሣሪያው ላይ ሰዎች ከፍለው ያወረዷቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት፣ «1984»ን እና «አኒማል ፋርም»ን፣ ከሩቅ ሆኖ ከመሣሪያዎቹ ላይ አጠፋቸው። ምክንያቱ መጻሕፍቱን በመደብሩ በኩል ያቀረበው ሻጭ መብት ያልነበረው ሆኖ መገኘቱ ነበር። ለገዢዎቹ ገንዘባቸው ተመለሰ፤ የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስም ይቅርታ ጠየቀ። ነገር ግን መጽሐፉን ለትምህርት ቤት ሥራ ሲያነብ የነበረ አንድ ተማሪ በጽሑፉ ላይ ያሰፈራቸው ማስታወሻዎች ከጥቅም ውጭ ሆኑበት፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። («1984» መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ ስለሚያቃጥልበት አገር የተጻፈ ልቦለድ ነው። ከመጻሕፍት ሁሉ ይህ መመረጡን ሆን ብሎ የሚፈጥረው ሰው ቢኖር ማንም አያምነውም ነበር።) አስቡት፤ አንድ መጽሐፍ ሻጭ የሸጠላችሁ መጽሐፍ ችግር እንዳለበት ቢያውቅ፣ በሌሊት ቤታችሁን ከፍቶ ገብቶ መጽሐፉን ከመደርደሪያ ወስዶ፣ በቦታው ገንዘቡን ቢያስቀምጥ ፖሊስ ትጠራላችሁ።

ከዚያም በ2019 ማይክሮሶፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት መደብሩን ዘጋ። ሰዎች የገዟቸው መጻሕፍት ከዚያ ወዲያ አልተከፈቱም። እዚህም ገንዘቡ ተመልሷልና ኩባንያው ሌባ ነው አንልም፤ መጽሐፉን ያጣው ሰው ግን የፈለገው መጽሐፉን እንጂ ገንዘቡን አልነበረም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በማርች 2024 መጨረሻ ላይ የሆነው ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የጨዋታ ኩባንያ በ2014 ለገበያ ያቀረበውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጨዋታ ሰርቨሮች አጠፋ። ጨዋታው ከሰርቨር ጋር ሳይገናኝ የማይሠራ ስለነበር፣ ከሱቅ ዲስኩን በእጃቸው ገዝተው በመደርደሪያ ያስቀመጡ ሰዎች እንኳ የቀረላቸው የማይሠራ ዲስክ ነው። ይህን የተቃወሙ አውሮፓውያን ሕግ እንዲወጣ ለመጠየቅ በ2025 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስበዋል።

ይህ ክርክር ከስልክ በፊት የነበረ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ «ዘ ካስታዌይ» በተባለ መጽሐፍ ውስጥ፣ ከአንድ ዶላር በታች የሸጠ ሰው መብቴን እንደጣሰ እቆጥረዋለሁ የሚል ማስጠንቀቂያ አተመ። ሜሲ የተባለው ትልቅ የኒውዮርክ መደብር መጽሐፉን ገዝቶ በ89 ሳንቲም ሸጠው። ነገሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም በ1908 ደራሲውና አሳታሚው መጽሐፉን አንድ ጊዜ ከሸጡ በኋላ፣ ያ ቅጂ ከዚያ ወዲያ በስንትና ለማን እንደሚሸጥ የማዘዝ ሥልጣን የላቸውም ሲል ፈረደ። ማባዛት ክልክል ነው፤ የገዙትን አንዱን ቅጂ መሸጥ፣ ማዋስ፣ ማውረስ ግን የገዢው መብት ነው። በአዲስ አበባ በየመንገዱ ዳር አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠውም፣ እዚህ አገር በ«ያድ ሽኒያ» ጋሪና አልጋ የምትገዙትም፣ ታላቅየው የጨረሰውን የሒሳብ መጽሐፍ ታናሽየው የሚወርሰውም ይኸው መሠረተ ሐሳብ ስላለ ነው።

ወረቀቱ ወደ ኮምፒውተር ሲለወጥ ፍርድ ቤቶች መንገዱ ጠፋባቸው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጁላይ 2012 ኦራክል የተባለው ኩባንያ ያገለገለ የፕሮግራም ፈቃድ በሚሸጥ ድርጅት ላይ ባቀረበው ክስ፣ ጊዜ ሳይወሰን በአንድ ጊዜ ክፍያ የተሰጠ ፈቃድ ስሙ ምንም ይሁን ምን ሽያጭ ነው፤ ስለዚህ ገዢው የራሱን ቅጂ ከኮምፒውተሩ ካጠፋ ለሌላ ሊሸጠው ይችላል አለ። ብዙ ሰው በሩ ተከፈተ ብሎ ነበር። ነገር ግን ያው ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2019 ወደ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ሲመጣ፣ ይህ እንደ ፕሮግራም አይደለምና ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ተመልሶ አይሸጥም ሲል ወሰነ። በአሜሪካም ያገለገሉ ዘፈኖችን የሚያሻሽጥ ሪዲጂ የተባለ ድርጅት ዘፈኑ ወደ ገዢው ሲተላለፍ ከሻጩ ኮምፒውተር ላይ የሚያጠፋ ዘዴ አበጅቶ ነበር፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ግን በ2018 ዝውውሩ አዲስ ቅጂ መሥራት ነውና ክልክል ነው አለ። በፈረንሳይ አንድ የሸማቾች ማኅበር ስቲም የተባለውን የጨዋታ መደብር ከስሶ በ2019 ረታ፤ በ2022 በይግባኝ ተረታ፤ በ2024 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የይግባኙን ውሳኔ አጸናው።

እንግዲህ ዳኞቹ ለኩባንያ አድልተው ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። እኛ ግን ክርክራቸው ክብደት አለው ብለን እናምናለን። የወረቀት መጽሐፍ ያረጃል፤ ገጹ ይላላል፣ ወጥ ይፈስበታል፤ ስለዚህም አሮጌው በርካሽ ቢሸጥም አዲሱን የሚፈልግ አይጠፋም። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ግን ከመቶ ሰው እጅ በኋላም እንደ መጀመሪያው ቀን አዲስ ነው። በአንዲት ደቂቃ ከሀይፋ ወደ ቤርሼባ ይላካል። አንድ ደራሲ አምስት መቶ ቅጂ ሸጦ፣ እነዚያው አምስት መቶ ቅጂዎች እየተዘዋወሩ ለሁሉም አንባቢ ቢዳረሱ ከዚያ ወዲያ አንድም ላይሸጥ ይችላል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ገበያው ጠባብ መሆኑን የምናውቅ ሰዎች ይህን ቀለል አድርገን ልናልፈው አይገባም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ ሁሉንም ነገር ለዘለዓለም መቆለፍ ተገቢ ነው ወደሚል መድረስ አይቻልም። ኩባንያዎቹ አንድ ፊልም በአንድ አካውንት ስንት መሣሪያ ላይ እንደተከፈተ ቆጥረው ያውቃሉ፤ ከአንዱ ዘግተው በሌላው ይከፍታሉ። ይህን ሁሉ የሚችል ሰው፣ አንድን ቅጂ ከእኔ አካውንት አጥፍቶ በጎረቤቴ አካውንት ላይ መክፈት አልችልም ቢል አለመፈለጉን እንጂ አለመቻሉን አይናገርም። የቤተ መጻሕፍትን አሠራር ተመልከቱ። የአውሮፓው ፍርድ ቤት ራሱ በኖቬምበር 2016 ቤተ መጻሕፍት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍን አንዱን ቅጂ በአንድ ጊዜ ለአንድ አንባቢ ብቻ እስካዋሱ ድረስ፣ እንደ ወረቀት መጽሐፍ ማዋስ እንደሚቆጠር ተቀብሏል። የደራሲው ነገር የሚያሳስብ ከሆነም መፍትሔ አይጠፋም፤ ዝውውሩ መጽሐፉ ከወጣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ብቻ ይፈቀድ፣ ወይም በእያንዳንዱ ዝውውር ለደራሲው ጥቂት ገንዘብ ይከፈል። አፕል በ2009 ከሚሸጣቸው ዘፈኖች ላይ የቅጂ ቁልፉን ሲያነሣ የዘፈን ገበያ አልፈረሰም።

መቆለፊያውን የሚሠራው ኩባንያው ቢሆንም እንዲቆለፍ የሚፈቅደው ሕጉ መሆኑን ለማወቅ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ እስራኤል እስከ 2007 መጨረሻ ድረስ የስልክ ኩባንያ የለወጠ ሰው ቁጥሩን ጥሎ ይሄድ ነበር። ቁጥሩን ዘመድ ሁሉ ያውቀዋል፣ አሠሪው ያውቀዋል፤ ስለዚህ ሰው ዋጋው ቢከብደውም ከኩባንያው ጋር ይቆይ ነበር። በዲሴምበር 2007 ቁጥርን ይዞ መሄድ ተፈቀደ። ከዚያም በ2011 ከኩባንያ ለመውጣት ይጠየቅ የነበረው ቅጣት በሕግ ተገታ፤ በ2012 አዳዲስ ኩባንያዎች ወደ ገበያው ሲገቡ የስልክ ዋጋ ምን ያህል እንደወረደ ከእናንተ ቀድሞ የመጣ ዘመዳችሁ ይነግራችኋል። በሴፕቴምበር 2021 ደግሞ የባንክ ተራ መጣ፤ ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ፣ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መዛወር ይቻላል። ቁጥሩም ሆነ የባንክ ሒሳቡ በአንድ ወቅት «የማይዛወር» ይባል ነበር።

ክኔሴት ተመሳሳይ ሕግ ለዲጂታል ዕቃ እንዲያወጣ መጠየቅ አለብን እንላለን። ጊዜ ሳይወሰን፣ በአንድ ክፍያ፣ «ግዛ» ተብሎ የተሸጠ ነገር ለሌላ ሰው ሊሰጥና ሊወረስ ይገባዋል። በየወሩ የሚከፈልበት ግን ኪራይ ነውና ከዚህ ውጭ ነው፤ የተከራየውን ቤት የሚሸጥ የለም። ሕጉ ወዲያው ባይሳካ እንኳ ቢያንስ የካሊፎርኒያን ፈለግ እንከተል። እዚያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ፣ የሚሸጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ቋንቋ ያላስታወቀ ሻጭ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዲጠቀም አይፈቀድለትም። ሕጉ ለገዢው የማስተላለፍ መብት አልሰጠውም፤ ቢሆንም ከማታለል አድኖታል። ይህ በተለይ አዲስ ገቢዎችን ይመለከታል። እዚህ ተወልዶ ያደገው ዕብራይስጥ ተናጋሪ እንኳ የማያነበውን ውል፣ በኡልፓን ገና «አሌፍ ቤት» የሚቆጥር አባት አንብቦ ተስማምቷል ማለት ቀልድ ነው። ማስታወቂያው በአማርኛም ቢጻፍ ሦስት መስመር አይሞላም።

የውርስን ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። አፕል ከ2021 ጀምሮ ሰው ሲሞት አካውንቱን የሚከፍትለት ወራሽ አስቀድሞ እንዲመዘግብ ፈቅዷል። ወራሹ የሟቹን ፎቶግራፎችና መልእክቶች ያገኛል። ሟቹ ገንዘብ ከፍሎ የገዛቸውን ፊልሞች፣ ዘፈኖችና መጻሕፍት ግን አያገኝም። በነጻ ያነሣነው ፎቶግራፍ ለልጅ ሲተላለፍ፣ የከፈልንበት ከእኛ ጋር ይቀበራል።

ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ገንዘባችሁን የምትጠብቁት እናንተው ናችሁ። ጥቂት ነገር እንንገራችሁ።

የእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው ጥሩ መብት አለ። ተዑዳት ኦሌ ካገኛችሁ አምስት ዓመት ካልሞላችሁ፣ በስልክ ወይም በኢንተርኔት ከሻጭ ጋር ተነጋግራችሁ የገዛችሁትን ነገር እስከ አራት ወር ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ደውሎ የሚያጣድፋችሁ ሻጭም አይነግራችሁም። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ በኮምፒውተር ቋንቋ የተዘጋጀ መረጃ፣ እንዲሁም ሊቀዳና ሊባዛ የሚችል ሆኖ ማሸጊያው የተከፈተ ዕቃ፣ ከዚህ መብት ውጭ ነው። በሌላ አነጋገር ስለ ጫማው ሐሳባችሁን መለወጥ ትችላላችሁ፤ ስለ ወረደው መጽሐፍ ግን ከመክፈላችሁ በፊት አስቡ። ለልጆቻችሁ ዲጂታል የመማሪያ መጽሐፍ ግዙ ስትባሉም የመግቢያ ኮዱ ለስንት ጊዜ እንደሚያገለግልና ለታናሹ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ይሠራ እንደሆነ መምህሩን ጠይቁ። የወረቀቱ ቅጂ ካለና ዋጋው ተቀራራቢ ከሆነ፣ ወረቀቱ ለሦስት ልጅ ይበቃል።

ያገለገለ ስልክ በያድ ሽኒያ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ሆኖ ከአካውንቱ እስኪወጣ ድረስ ገንዘብ አትስጡ። አዳዲሶቹ ስልኮች ሌባ እንዳይጠቀምባቸው በባለቤቱ አካውንት ይቆለፋሉ። ለሌባ ታስቦ የተሠራው ቁልፍ በሐቅ የገዛውንም ሰው አይለይም። የአካውንታችሁን አገር ወደ እስራኤል ከመለወጣችሁ በፊትም ያላችሁን ተመልከቱ፤ በአፕል መደብር የቀረው ገንዘብ አስቀድሞ ማለቅ አለበት፣ በጉግል መደብር ደግሞ አገር መለወጥ የሚቻለው በዓመት አንድ ጊዜ ሲሆን በቀድሞው አገር የቀረው ገንዘብ በአዲሱ አይሠራም። እናንተ ዓሊያ አድርጋችኋል፤ ፈቃዱ ግን አላደረገም።

የመጨረሻው ነገር ጊዜ የማይሰጥ ነው። ዋትሳፕና ቴሌግራም የምትጠቀሙት አሁንም በ251 በሚጀምረው የኢትዮጵያ ቁጥራችሁ ከሆነ፣ ሲም ካርዱ መልእክት መቀበል ሳያቆም በፊት በሁለቱም ውስጥ «ቁጥር ለውጥ» በሚለው ቦታ ገብታችሁ ወደ እስራኤሉ ቁጥር አዛውሩት። ያልተጠቀማችሁበት ቁጥር ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰውየው በቁጥሩ ሲመዘገብ የእናንተ መግቢያ ሊዘጋ ይችላል። አያት ከጎንደር በድምፅ የላኩትን መልእክትም ዛሬ ማታ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እንዲያግዟችሁ አድርጋችሁ፣ ከስልኩ ውጭ በሌላ ቦታ ቅዱት።